የውጫሌ ዳገትና የካምቢዮ ዘይት

ጓደኞቻችን አይሳቁብን እንጂ፥ እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ መኪና የምናውቀው መሪ መጨበጥን ብቻ ነበር። ባለፈው ክረምት አጎታችን አሮጌ አውቶማቲክ የስፖርት መኪናቸውን አምነው ሰጡንና፥ የታመሙትን አክስታችንን ከመርሳ ወደ ደሴ ሆስፒታል ልናደርስ ተነሣን።

የውጫሌን ዳገት ስናጋምስ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ አትሄድም። የተቃጠለ ዘይት ሸተተን። የውኃው ሙቀት መለኪያ ግን «ደኅና ነው» ይላል፤ እኛም እርሱን አምነን ነድተናል። አክስታችን ጋቢያቸውን ተከናንበው «ልጆቼ፥ ዩኒቨርሲቲ ይኸን አያስተምርም እንዴ?» አሉ። አፍረን ዝም አልን፤ በአንድ የጭነት መኪና ጋቢና አሳፍረን ላክናቸው።

መኪናዋን አስጎትተን ሐይቅ ስናደርስ መካኒኩ ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ላይ አንጠባጠበው። ቀይ መሆን ሲገባው ቡና መስሏል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አውቶማቲክ ካምቢዮ በእግር በሚረገጥ ፍሪሲዮን ፈንታ የሞተሩን ኃይል በዘይት ይቀበላል፤ በዳገት ቀስ እያለ ሲጎተት ዘይቱ ሲናጥ ይግላል። ማብረጃው በራዲያተሩ ውስጥ ስለ ሆነ ከራዲያተሩ ውኃ ይበልጥ ሊበርድ አይችልም፤ ውኃው ራሱ 90 ዲግሪ ገደማ ነው። ዘይቱ 120 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ቶሎ ያረጃል። ያ ሁሉ የሐይቅ ውኃ አጠገባችን ተኝቶ ለእኛ ካምቢዮ አልጠቀመም!

ስለዚህ ዘይቱን አስለውጠን፥ ከራዲያተሩ ወጥቶ ወደ ካምቢዮው ከመመለሱ በፊት ነፋስ በሚያገኘው ሌላ ትንሽ ማብረጃ እንዲያልፍ አስገጠምንለት። የመጽሐፍ መግዣችን በዚያው አለቀ።

አክስታችን ድነው ተመለሱ፤ በአውቶቡስ። ለአጎታችን ማብረጃ እንደ ጨመርን ነግረናቸዋል። ለምን እንደ ጨመርን ግን፥ አክስታችንም እስካሁን አልተናገሩብንም።