ጠገራ ስንት ያወጣል?

«የ1780 ነው እኮ!» ይላል ሻጭ፣ ጠገራውን በመዳፉ እያገላበጠ። አንጥረኛው ቀና ብሎም አያየው። እኛ አገር የቀረው ጠገራ ከሞላ ጎደል ሁሉም «የ1780» ነውና።

የኦስትሪያዋ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ በዚያው በፈረንጆቹ 1780 ዐረፉ። ጠገራ የምንለው ብራቸው ግን አላረፈም። ቪየና፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይም ሳትቀር፣ ያንኑ ዓመት እየጻፉበት ሲያትሙት ኖሩ። ሙሶሊኒ እንኳ አገራችንን ለመውረር ሲሰናዳ፣ በ1935 እ.ኤ.አ. የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ አስመጥቶ ሮም ላይ አሳትሞታል። ስለዚህ ከአያት ሣጥን የወጣ «የ1780» ብር በዕድሜ ከአያትየው ሊያንስ ይችላል።

ታዲያ ዋጋው ከምን ይነሣል? ከክብደቱ ነዋ። ጠገራ 28 ግራም ከትንሽ ይመዝናል። ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። ንጹሑ ብር ብቻውን 23.4 ግራም ገደማ ይሆናል፤ የዓለም ገበያ የሚሸጥበት አውንስ ደግሞ 31.1 ግራም ነው። እንግዲህ የዕለቱን የአውንስ ዋጋ ይዞ ሦስት አራተኛውን ማስላት ነው፤ አራት ጠገራ ሦስት አውንስ። አንጥረኛው ከዚህ ላይ ለድካሙና ለትርፉ ይቀንሳል፤ ወጉ ነው። ግማሹን ሲቀንስ ግን አመስግኖ መውጣት ይሻላል።

የዱሮው አንጥረኛ ይህ ሁሉ ስሌት አያሻውም ነበር። ጠገራው ራሱ መመዘኛው ነበር፤ አንድ ወቄት ወርቅ ማለት የአንድ ጠገራ ክብደት ነው። ገበያተኛውም ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር። በእቴጌይቱ ትከሻ ላይ ያለው የዕንቁ ጌጥ ፍሬ በፍሬ ጥርት ብሎ ካልታየው «ይሄ የተፋቀ ነው» ብሎ ይመልስ ነበር። የላቲኑን ጽሕፈት ማንበብ የማይችል ሰው ነጥብ ይቈጥር ነበር። የዛሬ ሰብሳቢም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ዕንቁዎቹን ይቈጥራል፣ በጀርባው ያለውን የንስር የጅራት ላባ ይመረምራል፤ ብሩ የት ከተማ እንደታተመ የሚያሳብቁት እነዚህ ናቸውና። ዓመቱ የደበቀውን ላባው ያወጣዋል።

የአጤ ምኒልክ ብር ግን ሌላ ነው። በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ መታተም ሲጀምር ክብደቱም ጥራቱም የጠገራን ፈለግ ተከትሎ ነበር፤ ቢቀልጡ ያን ያህል ልዩነት የላቸውም። ሆኖም የምኒልክ ብር በቁጥር እጅግ ያነሰ ስለሆነ ሰብሳቢ ከንጹሕ ብሩ ዋጋ በላይ ይከፍልበታል፤ ያውም መልኩ ካልተነካ። ሎሚና አመድ ጉድ የሚሠሩት እዚህ ላይ ነው። ሻጭ ለእንግዳ ቤት እንደሚጠርግ ሰው ብሩን ፈትጎ ያብለጨልጨዋል፤ ሰብሳቢ የሚወደው ግን ዘመን ያጠቈረውን ነው። ለአንገት ጌጥ ሲባል የተበሳም እንዲሁ ነው። ለሰብሳቢው ተበላሽቷል፤ ለሚያቀልጠው ግን የጐደለው ቀዳዳዋን ታህል ነው።

ማጭበርበሩም ትናንት የመጣ አይደለም። በእኛ አቈጣጠር 1936 ተብሎ ከተጻፈባቸው ሳንቲሞቻችን 50ው የብር፣ 25ቱ የመዳብ ነበር። መጠናቸው ስለተቀራረበ መዳቡን ብር እየቀባ በ50 የሚያሳልፍ በዛ። በኋላ የ25ቱ ጠርዝ ሸንሸን ተደርጎ እንደገና ታተመ። «ማግኔት አልያዘውም» የሚለው የዛሬ ሻጭ ማስረጃም በዚሁ ይወድቃል። ማግኔት መዳብንም አይዝምና። ለጠገራ ከማግኔት ይልቅ ጥሩ ሚዛን ይታመናል።

እኔን የሚገርመኝ ሰው አንጥረኛ ቤት ለመግባት ያለው ችኮላ ነው። እርግጥ መጀመሪያ አንጥረኛ መጠየቅ ደግ ነው፤ ዋጋው ከየት በታች መውረድ እንደሌለበት ከእሱ ይታወቃል። ለተራ ጠገራ ሰብሳቢውም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ላልተነካ የምኒልክ ብር ግን ይርቃል። ስለዚህ ለአንጥረኛ መሸጥ መጨረሻ ላይ ይሁን። ሰብሳቢ የገዛውን ነገ ሌላ ሰብሳቢ ይገዛዋል፤ እሳት የገባ ብር ግን ከዚያ ወዲያ ግራም ብቻ ነው።