ድንጋዩ ሲሄድ መቃብሩ ይቀራል

ወገኖቼ፤ እዚህ ሰፈር ውስጥ ማታ ማታ ስንሰባሰብ የምናነሣው ጥለነው ስለመጣነው ቤት ነው። «ከሥሩ የተነቀለ ነገር አይጸድቅም» የሚሉ አሉ፤ «የትም ብንሄድ ያው ነን» የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱንም ሳላምን ኖሬያለሁ። ምክንያቴን የማስረዳው ከሥፍራው ተነሥቶ በሄደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ያለው በብሪታንያ ደሴት ምዕራብ፣ በዌልስ ነው። በዌልስ ቋንቋ «ላን» መጀመሪያ የታጠረ ቦታ፣ በኋላም ቤተ ክርስቲያን ማለት ሆነ። ስለዚህ «ላንዴይሎ» ሲሉ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የአገራቸው ቅዱስ የቴይሎ ደብር ማለታቸው ነው። ይህ ደብር ከሉኸር ወንዝ ዳር፣ ረግረግ መሬት ላይ ቆሞ ነበር። አሠራሩ የገጠር አሠራር ነው፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ትንንሽ መስኮቶች። ጥንታዊው ክፍል ምእመናን የሚቆሙበት አዳራሽና መሠዊያው ያለበት ክፍል ነው፤ የጎን ክፍሎቹ የተጨመሩት በኋላ ነው። እኛ መቅደሱን በመጋረጃ እንደምንለይ፣ እነርሱ በተፈለፈለ እንጨት ይለዩት ነበር።

ግድግዳው በሥዕል የተሞላ ነበር። ከሥዕሎቹ መካከል የጌታ ሕማማትና ሕፃኑን ተሸክሞ ወንዝ የሚያሻግረው ቅዱስ ክሪስቶፎሮስ ይገኙበታል። በዚያ ዘመን የእርሱን ሥዕል ያየ መንገደኛ በዚያ ዕለት ድንገተኛ ሞት አያገኘውም ተብሎ ይታመን ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሃይማኖት ለውጥ ሲመጣ ሥዕል ተከለከለና ግድግዳው በኖራ ተለሰነ። ከዚያም በየዘመኑ ኖራ በኖራ ላይ ተደረበ። ሥዕሉን ለማጥፋት የተቀባው ኖራ ግን ከ400 ዓመታት በላይ ሸፍኖ አቆየው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደብሩ ምእመን አጥቶ ተዘጋ፤ መፍረስም ጀመረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ በካርዲፍ ከተማ አጠገብ ያለው የቅዱስ ፋጋንስ ሙዚየም ሊያነሣው መጣ። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ለኩ፣ ነደፉ፤ ድንጋዮቹን በቁጥር መዘገቡ፤ ከኖራው ሥር የወጣውንም ሥዕል በጥንቃቄ አነሡ። ሥራው ከ20 ዓመታት በላይ ፈጅቶ፣ በ2007 የዌልስ ተወላጅ የሆኑት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሮዋን ዊልያምስ መርቀው ከፈቱት።

እንደገና ሲሠሩት ግን አንድ ነገር መምረጥ ነበረባቸው፤ የትኛውን ዘመን እንመልስ? ተዘግቶ የቀረውን ትተው በ1530 ገደማ የነበረውን መረጡ። ሥዕሉን በአዲስ ቀለም በግድግዳው ላይ ሣሉት፤ እንጨቱንም በአዲስ ፈለፈሉት። አሮጌው የሥዕል ቁራጭ ለብቻው ተጠብቋል። ወንዙና መቃብሩ ግን አልተነሡም፤ ሙታኑ በረግረጉ ዳር ቀርተዋል።

እንግዲህ ቤት ይጓዛል፤ ሁሉ ነገር ግን አይጓዝም። የተጓዘውም ቢሆን የተጓዘው ከመፍረሱ በፊት የየድንጋዩን ቦታ የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው። በእኛ በኩል የጻፈው ማን ነው? የሰፈራችንን ጉድጓድ፣ የገበያውን መንገድ፣ የማን ቤት ከማን ቤት አጠገብ እንደነበረ የሚያውቁት ሽማግሌዎቻችን እዚሁ በስደት እያለፉብን ነው። ልጆቻችን ያንን ቤት አላዩትም። አንድ ቀን እንመለስ ቢሉ፣ የትኛውን ቤት እንደሚሠሩ ከእኛ ካልሰሙ ከማን ይሰማሉ?

ስለዚህ አደራ፤ እናንት እናቶችና አባቶች፣ የምታውቁትን ንገሩን። መጻፍ የምትችሉ ወጣቶችም፣ ከጎረቤታችሁ ጠይቃችሁ ለሚቀጥለው እትም አንድ አንድ ገጽ አምጡልን። ወረቀት ባይኖር በቆርቆሮ ካርቶን ጀርባም ቢሆን እንቀበላለን።