ድሬዳዋ፦ ከጎርፉ በኋላ ገዢ ያስፈለጋት ከተማ

ከሐረር መስመር መጥቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚወርድ መንገደኛ ድሬዳዋን ከታች በሜዳው ላይ ተዘርግታ ያያታል። ደጋው ላይ የደረበውንም ሹራብ ከተማው መግቢያ ላይ ሲደርስ ያወልቀዋል። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ ከተማዋም በዚያው ተቆረቆረች። በአንድ ወገን ጥላ ያላቸው ዛፎችና ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች የሚታዩበት ከዚራ አለ፤ በሌላው ወገን ደግሞ ገበያው የሚደምቅበት መጋላ። ሁለቱን የሚለያቸው ደቻቱ ነው።

ደቻቱን በበጋ ያየ እንግዳ ወንዝ ነው ቢሉት አያምንም። ሰፊ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴም እቃውን ይዘረጋበታል። ውሃው የሚመጣው ከላይ ከደጋው ነው። ደን በተመናመነበት ተራራ ላይ የጣለው ኃይለኛ ዝናብ የሚይዘው ሲያጣ ቁልቁል ተንደርድሮ በአጭር ጊዜ ከተማው ውስጥ ይገባል።

በ1998 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው። ሐምሌ 30 ለእሁድ አጥቢያ፣ ሕዝቡ በተኛበት ሌሊት፣ ደቻቱ ሞልቶ ዳርና ዳሩ ያሉትን መንደሮች ጠራርጎ ወሰደ። ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ። በሺህ የሚቆጠሩት ደግሞ ቤት አልባ ሆነው በድንኳንና በየመጠለያው ተጠለሉ። ይህ ከሆነ ሃያ ዓመት ገደማ አልፏል። ከተማዋ ግን አልረሳችውም፤ በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ ወርም ጎርፍ እንደገና ጎብኝቷታል።

ጎርፉ የወሰደው ሌላው ነገር

የጠፋን ሕይወት የሚተካ የለም። ስለዚያ ማልቀስ እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ነገር ግን ጎርፍ ከሕይወት ቀጥሎ የሚወስደው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የተረፈው ሰው እንጀራ ነው።

አንዲት የጉልት ነጋዴ ያላትን ካፒታል እናስብ። ባንክ ውስጥ አይደለም ያለው። ሁለት ኩንታል ሽንኩርት፣ አንድ ከረጢት በርበሬ፣ አንድ ሚዛንና ሸራ ነው። የሻይ ቤት ባለቤትም ያለው ምድጃ፣ ብረት ድስት፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበርና ብርጭቆ ነው። ለዚህ ሁሉ ኢንሹራንስ የለም። ከፊሉም በዱቤ የመጣ ወይም በዕቁብ ገንዘብ የተገዛ ነው። ስለዚህ ውሃው እቃውን ሲወስድ ዕዳውን ትቶላት ይሄዳል። በዚህ ላይ ደንበኞቿም ጎረቤቶቿ ናቸው፤ እነርሱም እንደ እርሷ ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል። እቃ ብታገኝ እንኳ ማን ይገዛታል?

ወገኖቼ፣ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው ጥያቄ ይህ ነው።

ለእርዳታ ጊዜ አለው፣ ለገበያም ጊዜ አለው

አደጋ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን ፈጥና እጇን መዘርጋቷ መጽሐፍ ቅዱሳዊ ነው። በቀላውዴዎስ ዘመን ረሃብ እንደሚሆን በተነገረ ጊዜ የአንጾኪያ ደቀ መዛሙርት እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው አዋጥተው በይሁዳ ለሚኖሩ ወንድሞች ልከዋል (ሐዋ. 11፥27-30)። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የራበው መብላት፣ የበረደው መልበስ፣ የታመመውም መታከም አለበት። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ይሁን እንጂ ብርድ ልብሱ፣ ዱቄቱና ሳሙናው ሁሉ ከሩቅ ተጭኖ ለወራት በነጻ ሲታደል፣ ሱቁን እንደ ምንም ጠርጎ የከፈተው የሰፈሩ ነጋዴ ቁጭ ብሎ ይውላል። ሳናስበው ገበያውን ወስደንበታል ማለት ነው። ያው ገንዘብ እዚያው ከተማ ቢገዛበት ኖሮ ግን አንዱ ብር ሁለት ሥራ በሠራ ነበር። የተራበው በልቶበት፣ ነጋዴውም ዕዳውን ከፍሎበት ያድር ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ተረጂ ሆኖ መሰለፍ ያደክማል። ትናንት ለሰው ታበድር የነበረች እናት ዛሬ ስሟ እስኪጠራ ቆማ ስትጠብቅ አንገቷን ትደፋለች። «ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቃት ደንበኛ ሲመጣ ግን ቀና ትላለች። ለካ ገዢም አጽናኝ ሊሆን ይችላል!

የመበለቲቱን ዘይት ማን ገዛው?

በ2ኛ ነገሥት 4፥1-7 የተጻፈውን የመበለቲቱን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። ባሏ ሞቷል፣ ባለ ዕዳው ሁለት ልጆቿን ሊወስድ መጥቷል፣ በቤቷ ያለው አንድ ማሰሮ ዘይት ብቻ ነው። ከጎረቤት የተዋሰችው ማድጋ ሁሉ በተአምር ሞላ። ስለዚህ ተአምር ብዙ ተሰብኳል። ስለ ቁጥር 7 ግን እምብዛም አንሰማም። ኤልሳዕ ዘይቱን ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ በቀረውም ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነገራት።

እንግዲህ ተአምሩ የተፈጸመው ገበያ ላይ ነው ማለት ነው። እግዚአብሔር ዘይቱን አበዛ፤ ነገር ግን አንድ ሰው ቦርሳውን ፈትቶ ዘይቱን መግዛት ነበረበት። የገዢዎቹ ስም አልተጻፈም። ምናልባትም የእነዚያን ልጆች ነጻነት እየገዙ መሆናቸውን አላወቁም ይሆናል። እኛ ግን እናውቃለን፤ ስለዚህም ኃላፊነት አለብን።

ድሬዳዋ የሚሄድ አማኝ ምን ያድርግ?

ዛሬ ደቻቱ ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ገበያውም ሞቅ ብሏል። ለጉባኤ፣ ለሠርግ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደዚያ የምንሄድ ብዙዎች ነን። የአዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ የባጃጅ ነጂውም የእኛን መምጣት ይጠብቃል።

ጠዋት ተነስታችሁ ፉል ቤት ግቡ። አንድ ሳህን ፉል ከትኩስ ዳቦ ጋር፣ ከዚያም ሻይ በወተት ብትወስዱ እስከ ምሳ ያቆያችኋል። ቀጥሎ ወደ ቀፊራ ገበያ ውረዱ። ፓፓያው፣ ማንጎው፣ ሎሚው፣ ቅመሙ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ፀሐይዋ ስትከር ከተማው ያርፋልና ብዙ ሱቅ ዝግ ብታገኙ አትደነቁ። አመሻሽ ላይ ነፋሱ ሲነሳ ሁሉም ይከፈታል፤ የሳምቡሳውም መጥበሻ ያኔ ይጣዳል። የጉባኤ አዘጋጆችም ምሳውን ከሌላ ከተማ ከማስመጣት እዚያው ካሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ማዘዝ ይችላሉ።

ዋጋ መከራከር የገበያ ወግ ነው፤ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ገዢ እቃውን ሲያጣጥል ቆይቶ ዞር ሲል በርካሽ ማግኘቱን እንደሚያወራ ጠቢቡ ታዝቦናል (ምሳ. 20፥14)። በተለይ ከአደጋ በኋላ የነጋዴውን ጭንቀት አይቶ ዋጋ መስበር ከጎርፉ ጋር አብሮ መዝረፍ ነው። በዱቤ ወስዶ መዘግየትም እንዲሁ። የድሀውን ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ መስጠት እንደሚገባ ሕጉ ያዛል (ዘዳ. 24፥14-15)። ታዲያ የሻይ ሂሳብ ለምን ያድራል?

በመጨረሻም፣ ድሬዳዋ የብዙ ብሔረሰብና የብዙ ሃይማኖት ከተማ ናት። ጎርፉ የሙስሊሙንና የክርስቲያኑን ቤት ለይቶ አልመታም። ስለዚህ ስንገዛም ለይተን አንግዛ። ጌታችን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ሲናገር የቆሰለው ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይጠየቅ ነበር የተረዳው። ስንገዛም ለማግባቢያ ብለን ሳይሆን ጎረቤታችን ስለሆኑ ብቻ ይሁን። ፍቅራችን እውነተኛ ከሆነ እግዚአብሔር በጊዜው ይናገርበታል።

ጎርፍ በድሬዳዋ ብቻ የሚቀር አይደለም። ነገ በእኛም ከተማ ገበያ ሊቃጠል ወይም ወንዝ ሊሞላ ይችላል። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን የእርዳታ ኮሚቴ ስታቋቁም አንድ ሰው እጁን አንስቶ «ብርድ ልብሱን ከማን ነው የምንገዛው?» ብሎ ይጠይቅ። ከአንድ ወር በኋላም፣ የእርዳታ መኪኖች ከተመለሱ በኋላ፣ ቤተሰባችንን ይዘን ዳግም ወደዚያ ገበያ እንሂድ። ዘንቢላችንን ባዶ ይዘን ሄደን ሞልተን እንመለስ።

የመበለቲቱን ማድጋ የሞላ ጌታ፣ የእኛንም እጅ ለመግዛትና ለመስጠት የተፈታ ያድርገው። አሜን።