የተከፈለበት ጨለማ

ከማኒላ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ ባታን ውስጥ፣ ሞሮንግ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። እዚያ ግንባታው ያለቀ፣ ግን አንዲት አምፖል እንኳ አብርቶ የማያውቅ የ621 ሜጋ ዋት የኒውክሌር ማመንጫ ተገትሯል። እ.ኤ.አ. በ1976 ተጀምሮ በ1984 አለቀ፤ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈሰሰበት። ዩራኒየሙ ሳይቀር መጥቶ መጋዘን ገብቶ ነበር። ማብላያውን ሳያይ በ1990ዎቹ ተመልሶ ተሸጠ።

ጨረታውን ያበላሸው የያኔው የፊሊፒንስ ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርቆስ ነው። ለአሜሪካው ዌስቲንግሃውስ ሥራውን ሲሰጥ፣ ወዳጁ ሄርሚኒዮ ዲሲኒ በመሐል ገብቶ ኮሚሽን እንደበላ ፍርድ ቤት በኋላ አረጋግጧል። በየካቲት 1986 ማርቆስ ወደቀ። በሁለት ወሩ ቸርኖቤል ፈነዳ። የባታኑ ማብላያ ዓይነቱ ከቸርኖቤሉ ፈጽሞ የተለየ ነበር፤ ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ አዲሲቱ ፕሬዚዳንት ኮራሶን አኪኖ ማመንጫው ሥራ እንዳይጀምር ወሰኑ። አልፈርድባቸውም። አጠገቡ የናቲብ እሳተ ገሞራ አለ፣ አገሩ የመሬት መንቀጥቀጥ አገር ነው፣ የሌባ እጅ ያረፈበትን ነገር ደግሞ ማን ያምናል?

የሚያንገበግበኝ ከዚያ ወዲያ የሆነው ነው። ማመንጫውን ዘጉ፤ የእሱን ቦታ የሚሸፍን ሌላ ግን በጊዜው አልሠሩም። በ1992 እና በ1993 ማኒላ በቀን ስምንት፣ አሥር ሰዓት መብራት ታጣ ነበር። ፋብሪካው ቆመ፣ ሱቁ በጄኔሬተር ጭስ ታፈነ። ፊደል ራሞስ ሥልጣን ሲይዙ በጥድፊያ ከግል አምራቾች ጋር ውድ ውል ተፈራረሙ፤ ሕዝቡ ያንን ዋጋ ለዓመታት ከፈለ። የማይሠራው ማመንጫ ዕዳም ቢሆን አልተሰረዘም። ተከፍሎ ያለቀው በ2007 ነው። ባታን ሲጀመር ያልተወለደ ልጅ፣ አድጎ ግብር ከፋይ ሆኖ ከፍሎለታል ማለት ነው!

አሁን ደቡብ ኮሪያን እንይ። ያንኑ የዌስቲንግሃውስ ንድፍ ገዝታ ኮሪ ሁለት የተባለውን ማመንጫ መገንባት የጀመረችው በ1977፣ ከባታን በኋላ ነው። በ1983 ሥራ አስገባችው፤ 40 ዓመት ያህልም አመነጨላት። ከዚያ ይልቅ የሚያስቀናው ትምህርቱ ነው፦ መሐንዲሶቿ ከባዕድ ተቋራጭ ሥር እየሠሩ ተማሩ፣ ንድፉን አሻሻሉ፣ የራሳቸውን አወጡ። በታኅሣሥ 2009 ለተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ አራት ማብላያ በ20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሸጡ። ዛሬ በዓለም ብዙ የምትገነባው ቻይና ናት፤ ሩሲያም በቱርክ፣ በግብፅና በባንግላዴሽ ትተክላለች። ኮሪያም ከድሃ ደንበኝነት ተነሥታ ሻጭ ሆናለች።

ያቺ ኮሪያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጦርነት የፈራረሰች ነበረች። የእኛ ቃኘው ሻለቃ የዘመተላት፣ ፊሊፒንስም ወታደር የላከችላት ያኔ ነው። ራሞስ ራሳቸው ወጣት መኮንን ሆነው እዚያ ተዋግተዋል። የምንታደጋት እኛና ፊሊፒንስ፣ እርዳታ የምትሻው እሷ ነበረች። ዛሬ የፊሊፒንስም የእኛም እህቶች ዱባይና አቡ ዳቢ ሰው ቤት ተቀጥረው ልብስ ይተኩሳሉ። ካውያው ከሚስበው የኤምሬትስ ኤሌክትሪክ ሩብ ያህሉ ኮሪያውያን ከተከሉት ከባራካ ማመንጫ ነው የሚመጣው።

ባታን ጎብኚ ይገባበታል። የመቆጣጠሪያው ክፍል እንደ ተሠራ ነው፤ ፈዛዛ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ በመደዳ የተሰካ ማዞሪያ፣ ዜሮ ላይ የተኛ የቆጣሪ መርፌ። መንግሥት በየዓመቱ ለጥገና በጀት ይመድብለታል። በጥቅምት 2024 ደግሞ ማኒላ አንድ ስምምነት ፈረመች፤ ባታን ነፍስ ሊዘራ ይችል እንደሆነ እንዲጠና። እንዲያጠናላት የተስማማችው ከኮሪያው የኒውክሌር ኩባንያ ጋር ነው።