የጾም ነው ወይስ የፍስክ?

ከባሕር ማዶ የሚመጡ ዘመዶቻችን በሻንጣቸው ይዘውልን ከሚገቡት ስጦታ ሁሉ ልጆችን እንደ ቸኮሌት የሚያስደስት የለም። ወራቱ የጾም ከሆነ ግን በቤታችን አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «የጾም ነው ወይስ የፍስክ?» የሚል ነው። እኔም መጠቅለያውን ገልብጬ ወተት እንዳለበትና እንደሌለበት አነባለሁ፤ ካለበት ለበዓል ይቀመጣል። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን መጠቅለያው የማይናገረው ሌላ ነገር መኖሩን ያስተዋልሁት የአንድ እንግሊዛዊ ቤተ ሰብ ታሪክ ካነበብሁ በኋላ ነው።

ጆን ካድበሪ በበርሚንግሃም ከተማ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1824 ሱቅ ከፍቶ ሻይ፣ ቡናና ካካዎ ይሸጥ ነበር። ኩዌከር የተባለው የክርስቲያን ማኅበር ወገን ስለ ነበረ፣ ሰው አስካሪ መጠጥን ትቶ በእነዚህ እንዲረካ ይመኝ ነበር። ልጆቹ ሪቻርድና ጆርጅ በ1879 ፋብሪካውን ከከተማው ጭስ አውጥተው ቦርንቪል ወዳሉት ስፍራ አዛወሩት፤ ጆርጅም ኋላ በዚያው የአትክልት ቦታ ያላቸው ቤቶች አሠራ። በሰፈሩ መጠጥ ቤት አልተፈቀደም።

እነዚህ ደጋግ ሰዎች ከሚገዙት ካካዎ ብዙው ክፍል ግን የሚመጣው ፖርቱጋል ትገዛት ከነበረችው ከሳኦ ቶሜ ደሴት ነበር። በዚያ የሚሠሩት ከአንጎላ በግድ የተጋዙ፣ በስም እንጂ በኑሮ ከባሪያ የማይለዩ መሆናቸው በ1901 ለዊልያም ካድበሪ ተሰማ። ኩባንያው መርማሪ ላከ፤ ከመንግሥታትም ጋር ተነጋገረ፤ መግዛቱን ያቆመው ግን በ1909 ነው። አንድ ጋዜጣ ስለ መዘግየታቸው ቢነቅፋቸው በስም ማጥፋት ከሰሱት። ለፍርድ የተቀመጡት የሕዝብ ዳኞችም ለካድበሪዎች ፈረዱላቸው፤ የወሰኑላቸው ካሣ ግን አንድ ፋርዚንግ፣ ማለት የፔኒ አንድ አራተኛ ብቻ ሆነ።

ነገሩ የጥንት ታሪክ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ባላነሣሁት ነበር። ዛሬ በካካዎ ምርት የታወቁት ኮትዲቯርና ጋና ናቸው። ታላላቅ የቸኮሌት ኩባንያዎች ልጆችን በከባድ ሥራ ማሠራት እንዲቀር በ2001 ቢፈርሙም፣ ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የወጣው የ2020 ጥናት በሁለቱ አገሮች 1.56 ሚሊዮን ያህል ልጆች በካካዎ እርሻ ለዕድሜያቸው በማይገባ ሥራ ላይ እንደ ነበሩ ገልጧል። በገጀራ ፍሬ ይሰነጥቃሉ፤ ከአቅማቸው በላይ ይሸከማሉ። ብዙዎቹ የሚሠሩት በገዛ ወላጆቻቸው ማሳ ነው፤ ገበሬው የሚያገኘው ዋጋ የቀን ሠራተኛ ለመቅጠር አይበቃውምና።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ጾምን ከተገፉት ሰዎች ነገር ጋር አያይዞ እንዳስተማረ እናውቃለን። ስለዚህ ወተቱን የምንመረምር ሰዎች የሕፃኑንም ድካም ልንመረምር ይገባናል። ቸኮሌቱን ከልጆቻችን እንንጠቅ አልልም፤ ገበሬው ገዢ ቢያጣ ድኽነቱ ይብስበታል እንጂ ልጁ አያርፍለትም። ነገር ግን ስናካፍላቸው ፍሬውን ማን እንደ ለቀመው እንንገራቸው። እኔም በውጭ አገር ላለችው እኅቴ፣ ለገበሬው የተሻለ ዋጋ ከሚከፍሉት ዘንድ እየጠየቀች እንድትገዛ ጽፌላታለሁ።

ደግነት ከደጃችን አልፎ ካልሄደ ጎዶሎ ነው። ካድበሪዎች በቅርብ ላሉት ሠራተኞቻቸው አትክልት ሲያስተክሉ፣ በሩቅ ያለው ሠራተኛ ስምንት ዓመት ጠብቋቸዋል።