ጥገና በግራ ገጽ፣ ማሻሻያ በቀኝ ገጽ፦ የአሮጌዋ ኮምቢያችን ደብተር

ብዙዎቻችሁ መንገድ ላይ ስታገኙን «ይህችን ቮልስ ኮምቢ እስካሁን አልሸጣችኋትም?» ትሉናላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ የራሳችሁን የመኝታ መኪና ለማሰናዳት አስባችሁ ከምን እንደሚጀመር ጠይቃችሁናል። የሁለቱም ጥያቄ መልስ ያለው አንድ ደብተር ውስጥ ስለሆነ ዛሬ ደብተሩን እንገልጥላችኋለን።

እኛ ሁለት እህትማማቾች ነን። አንዳችን የንግድ ሥራ ዲፕሎማ ይዛ ደብተሩን ትጽፋለች፤ ሌላችን መሪውን ትይዛለች። ከሞያሌ ነጠላና ቀሚስ፣ ጀበና፣ በርበሬና ሽሮ ጭነን ናይሮቢ ኢስሊ እናደርሳለን። ስንመለስ ሳሙና፣ የፕላስቲክ ዕቃና የልጆች ጫማ እንይዛለን። መንገዱ አንድ ጉዞ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ኮምቢዋ እ.ኤ.አ. በ1973 የተሠራች ስትሆን ናይሮቢ ውስጥ ለብዙ ዘመን ጎብኚ ስታመላልስ ኖራለች። ኋላ ላይ አንዱ ባለቤቷ ጣሪያዋን ቆርጦ ወደ ላይ የሚነሳ አደረገው፤ የኋላ ወንበሯንም የሚዘረጋ አልጋ አደረገው። ለእኛ መኪናም፣ መጋዘንም፣ ቤትም ናት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የታናሽየዋ ልጅ አብሮን ስለሚጓዝ ሦስት ሰው ያድርባታል።

በሂሳብ ትምህርት ውስጥ ቀላል የሚመስል አንድ ልዩነት አለ። ንብረት በነበረበት ሁኔታ እንዲቆይ የሚወጣ ገንዘብ የዘመኑ ወጪ ነው፤ ከዓመቱ ገቢ ላይ ተቀንሶ ያልቃል። ንብረቱ ከበፊቱ የተሻለ እንዲሠራ ወይም ዕድሜው እንዲረዝም የሚወጣ ገንዘብ ግን በንብረቱ ዋጋ ላይ ይደመርና በየዓመቱ በእርጅና ተቀናሽ እየወጣ ይሄዳል። የመጀመሪያው ጥገና ነው፤ ሁለተኛው ማሻሻያ። ደብተራችን በግራ ገጹ ጥገናን፣ በቀኝ ገጹ ማሻሻያን ይይዛል። ሕጋችንም አንድ ነው፦ በግራው ገጽ ለሦስት ምልልስ አዲስ ብልሽት ሳይጻፍ ካላለፈ በቀር በቀኙ ገጽ አንድ ሽልንግ አይወጣም።

ሕጉን ያጠበቅነው ሰው ሁሉ ከቀኝ ገጽ መጀመር ስለሚወድ ነው። መጋረጃ፣ የቴፕ ድምፅ ማጉያ፣ አዲስ ቀለም፣ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ለዓይን ደስ ይላሉ፤ ለጎረቤትም ይታያሉ። አዲስ የፍሬን ጎማ የሚያይ ግን የለም። ስለዚህ አሮጌ መኪና አጊጦ ይወጣና ከላይሳሚስ ሳያልፍ ይቆማል።

የግራውን ገጽ እንይ። የኮምቢዋ ሞተር 1600 ሲሲ ሆኖ በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። ራዲያተር የለውም፤ ውኃ አይጠጣም። የሚያቀዘቅዘውን አየር የሚነፋው ማራገቢያ ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ነው፤ ዲናሞውን የሚያዞረው ደግሞ አንድ ቺንጊያ ነው። ስለዚህ የባትሪው ቀይ መብራት ድንገት ከበራ ነገሩ የመብራት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቺንጊያው ተበጥሶ ሞተሩ ያለ አየር እየነደደ ሊሆን ይችላል። ወዲያውኑ ዳር ይዞ ማጥፋት ነው። ቺንጊያውን በአውራ ጣት ስንጫነው ወደ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር መግባት አለበት። ትርፍ ቺንጊያና የሚፈታበት ቁልፍ ከሾፌሩ ወንበር ስር አይጠፉም።

ይህ ሞተር እንደ ዘመኑ መኪኖች የዘይት ፊልትሮ የለውም፤ ያለው ወንፊት ብቻ ነው። የሚይዘውም ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ነው። ትንሽ ዘይት ቶሎ ይቆሽሻል። በየሦስት ምልልሱ፣ ማለትም 5000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ፣ ዘይቱን ቀይረን ወንፊቱን እናጥባለን፤ የባልቦላዎቹንም ክፍተት እናስተካክላለን። ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ሆኖ የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ነው። ስለዚህ ለመካኒክ ከሰጠን ማታ አሳድረን ጠዋት ሳይነሳ እናሠራለን። ፉንዲው «ማማ፣ አሁን ትኩስ ሆኖም ይሠራል» ቢለን ፈገግ ብለን ሻይ ጋብዘን እናሳድራታለን።

ከሦስት ዓመት በፊት የደብተሩን መልክ የቀየረ ነገር ማርሳቢት ላይ ገጠመን። ነዳጅ ማደያ ግቢ አድረን ጠዋት እንደ ልማዳችን የኋላውን ክዳን ከፍተን ስናይ የቤንዚን ሽታ ሸተተን። ወደ ካርቡራተሩ የሚገባው ጎማ ከላይ በክር የተሸፈነ ስለሆነ ደህና ይመስል ነበር፤ በጣት ሲዳሰስ ግን ክሩ ረጥቧል። ጎማው ከውስጥ ተሰነጣጥቆ ቤንዚን ትኩስ የሚሆነው ሞተር ላይ ሊያንጠባጥብ ተዘጋጅቷል። አልጋው ደግሞ ከሞተሩ በላይ ነው፤ ሌሊቱን ልጁ የተኛው እዚያ ላይ ነበር። የዚህ ሞተር አካል የተሠራው ከማግኒዥየም ቅይጥ ነው። አንዴ እሳቱ ወደ እሱ ከዘለቀ ውኃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

በዚያ ቀን አልተንቀሳቀስንም። ገዢው ኢስሊ ሆኖ ቢጠብቀንም ልክ የሆነው ጎማ እስኪመጣልን ድረስ አንድ ቀን ተኩል ቆየን። ልኩ ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ሰፋ ያለውን አስገብቶ በሽቦ ማሰር መንገድ ላይ የሚታይ ልማድ ነው፤ ከእሳት ጋር ቁማር እንደ መጫወት ይቆጠራል። ከዚያ ወዲህ የቤንዚን ጎማ ቢያረጅም ባያረጅም በየዓመቱ ይቀየራል፤ በብሎን በሚጠብቅ ማሰሪያ ይታሰራል። የእሳት ማጥፊያም ተንሸራታቹ በር አጠገብ፣ ከውጭ እጅ በሚደርስበት ቦታ ተሰቅሏል።

በዚያው ወር እቁቡ ወጣልን። አንድ ደላላ አስቀድሞ ሰምቶ ኖሮ «እትዬ፣ ይህን ገንዘብ ይዛችሁ ሞተሩን አስወጡት፤ የሱባሩ ሞተር እናስገባላችኋለን፤ ቲማውን እንደ ንፋስ ትወጡታላችሁ» አለን። ምክሩ ከንቱ አልነበረም። ከኢሲዮሎ ተነስቶ ወደ ቲማው የሚወስደው አቀበት ለአሮጌ ሞተር ከባድ ነው። ሞተሩ አዲስ በነበረበት ጊዜ ጉልበቱ 50 ፈረስ ገደማ ነበር። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ወደ አሥር እጅ አንዱ ጉልበት ይቀንሳል። ኢሲዮሎ 1100 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ቲማው ከእሷ ከእጥፍ በላይ ከፍ ትላለች። ጭነን ስንወጣ አህያ የሚቀድመን የሚመስለን ጊዜ አለ።

ግን ደብተሩን ከፍተን ጠየቅነው። የውኃ ሞተር ሲገባ ራዲያተር፣ ረጃጅም የውኃ ጎማዎችና የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን አብረው ይገባሉ። ከማርሳቢት በላይ ዲዳ ገልገሉ በረሃ ላይ አንዱ ቢፈነዳ ውኃውን ከየት እናመጣለን? ሳጥኑስ ቢቃጠል ቱርቢ ላይ የሚያነበው ማን ነው? ኬንያ ውስጥ ደግሞ የተቀየረ ሞተር ቁጥሩ ሎግቡክ ላይ ካልሰፈረ ከመኪናው ጋር የሚያከራክር ወረቀት ይዞ መጓዝ ይሆናል። ለእኛ ማሻሻያ ማለት የመንገድ ዳር መካኒክ በመፍቻና በፒንሳ ሊረዳን ከሚችልበት ክልል መኪናዋን ሳያስወጣ የሚጠቅም ነገር ነው። ሱባሩው ከክልሉ አስወጣት። አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ ከተማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሰው ሌላ መልስ ላይ ሊደርስ ይችላል፤ አንፈርድም።

የእቁቡ ገንዘብ በሙሉ በግራው ገጽ ገባ። የአራቱም ጎማ የፍሬን ሲሊንደሮችና ሸራዎች፣ የፍሬን ጎማዎችና ዘይቱ ተቀየሩ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የገባበት ዘይት ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። ከቲማው ወደ ኢሲዮሎ ስንወርድም በወጣንበት ማርሽ እንወርዳለን። ጎማዎቹን 185 አር 14 የጭነት ጎማ አደረግናቸው። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ የተጻፉትን አራት አሃዞች አንብቡ፦ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው ያለፈ ጎማ ገበያ ውስጥ ሞልቷል።

ከውጭ ሲያዩን ምንም አልተለወጠችም። ዘመዶች «እቁቡ የት ገባ?» ሲሉ ቆይተዋል። በደብተሩ ግን ቀጣዮቹ ሦስት ምልልሶች ንጹሕ ሆነው አለፉ፤ ያን ጊዜ ቀኙ ገጽ ተከፈተ።

መጀመሪያ የተጻፈው የዘይት ማቀዝቀዣው ነው። እስከ 1970 በነበረው አሠራር ማቀዝቀዣው የማራገቢያው ሽፋን ውስጥ፣ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ይቆም ነበር፤ ቶሎ የሚቃጠለውም ሦስተኛው ነው። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ወደ ኋላ ወጥቶ የራሱ ሽፋን ተሠራለት፤ ፈረንጆቹ «የውሻ ቤት» ይሉታል። የእኛ ኮምቢ ከእኛ በፊት አሮጌ ሞተር ተገጥሞላት ስለነበር የድሮው ሽፋን ነበራት። አዲሱን አሠራር ስናስገባ ቲማው ላይ በግማሽ መንገድ ቆሞ ማቀዝቀዝ ቀረ። መልኳ አልተቀየረም፤ ማንኛውም የቮልስ መካኒክም ሊፈታው ይችላል።

ሁለተኛው ለቤቱ ብቻ የሚያገለግል ባለ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪና ጣሪያው ላይ ያለ ባለ 100 ዋት ሶላር ነው። ሞተር የሚያስነሳው ባትሪ በሬሌይ ስለሚለይ ሌሊቱን መብራትና ስልክ ብንጠቀም ጠዋት ሞተሩ ይነሳል። ተራ ባትሪ ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሠራበት ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ 50ውን ብቻ እንዳለን እንቆጥራለን። በቀጭን የኤልኢዲ መብራትና በትንሽ ማራገቢያ ይበቃናል። ፍሪጅ አልገባም። ስንቃችን በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነው፤ እነሱ ፍሪጅ አይጠይቁም።

ስለ ማደሪያ አንድ ነገር አጥብቀን እንንገራችሁ። ቡና ያለ ከሰል አይጥመንም፤ ማርሳቢት ሌሊቱ ይበርዳል። ቢሆንም የከሰል ምድጃ መኪና ውስጥ አይገባም፤ የጠፋ የሚመስለውም ቢሆን። ከከሰል የሚወጣው መርዝ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ቡናው ውጭ ይፈላል፤ ምድጃውም ውጭ ያድራል። ሲሊንደር ጋዝ ካላችሁ ደግሞ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛልና ሲሊንደሩ ያለበት ሳጥን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቀዳዳ ከታች ያስፈልገዋል። እኛ ከጣሪያው ሸራ አንዱን መስኮት ብርድም ቢሆን አንዘጋውም።

ጭነትን በተመለከተ ከባዱ ዕቃ ከአልጋው ፊት፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ወለል ላይ ይቀመጣል። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ኋላው በራሱ ከባድ ነው። ዲዳ ገልገሉ ላይ የሚነፍሰው የጎን ንፋስ ቁመተ ረጅሟን ኮምቢ ይገፋታል፤ ጣሪያ ላይ ከባድ ዕቃ የጫነ ሰው መሪውን አጥብቆ ይያዝ።

ዕቃ ከየት ይገኛል ለምትሉን፦ አዲስ አበባ ውስጥ አሁንም ብዙ ቮልስ ስለሚነዳ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቺንጊያ፣ የቤንዚን ፖምፓና የካርቡራተር ዕቃ ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ የቮልሷ ለ1600ዋ ኮምቢም ይሆናል። ፍሬኑ፣ ጎማውና የመስኮት ላስቲኩ ግን የኮምቢ የራሱ ስለሆነ ናይሮቢ ኪሪንያጋ መንገድ እንፈልጋለን። ዕቃውን ከነደረሰኙ ይዘን ሞያሌ ጉምሩክ ላይ እናስታውቃለን። ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ እዚህ አንጽፍም።

እንግዲህ ለምን አልሸጥናትም? በየዓመቱ መጨረሻ የግራውን ገጽ ደምረን የቀኙን ገጽ የእርጅና ተቀናሽ፣ ቤንዚኑንና ኢንሹራንሱን እንጨምርበታለን። ከጎኑ ደግሞ ያንኑ ያህል ጉዞ በአውቶቡስ ብንሄድ የምናወጣውን የሰው ትኬት፣ የዕቃ ማጓጓዣ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የሆቴልና የመጋዘን ወጪ እንጽፋለን። እስካሁን የኮምቢዋ ድምር አንሶ ይገኛል። የበለጠ ዓመት ወይም ብረት ቀጥቃጩ ከስር ገብቶ «የሻሲው ብረት በዝገት አልቋል» ያለን ቀን እንሸጣታለን። ልባችን እንደሚያዝን እናውቃለን፤ የልጁም ልብ ጭምር። ደብተሩን የያዝነው ግን ልባችን ባዘነ ቀን እንዳይወስንልን ብለን ነው።

የራሳችሁን የምትጀምሩ ሁሉ ከመጋረጃው በፊት በሁለት ገጽ የተከፈለ ደብተር ግዙ። ቀጥሎ የሚቆም ፍሬን፣ የማያፈስ የቤንዚን ጎማ፣ የማይግል ሞተር። መጋረጃው ይደርሳል። የእኛን መጋረጃ ባለፈው ገና ከራሳችን ጨርቅ ሰፋነው፤ በደብተሩ ቀኝ ገጽ የመጨረሻው መስመር ላይ ተጽፏል።

መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ።