የመጋቢት ሰማይ በዱባይ ተራ

በመጽሐፍ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሳምንት ጠብታ ባልወረደ። ባሕረ ሐሳብ ዓመቱን ለአራት ሲከፍለው ሐጋይን፣ ማለት በጋን፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያደርሰዋል፤ ፀደይ የሚገባው በማግስቱ ነው። የሚቲዎሮሎጂ ሰዎች ደግሞ በልግን ከየካቲት ጀምረው እስከ ግንቦት ይቆጥሩታል። በሁለቱ መካከል የሁለት ወር ያህል ክርክር አለ ማለት ነው። እኛ ክርክሩን ለባለቤቶቹ ትተን፣ የካቲት አልቆ መጋቢት በገባበት ሳምንት ከስድስት ኪሎ ወደ ዱባይ ተራ ስንመላለስ ሰነበትን።

እኛ ስንል ሦስት ነን። ከሰዓት በኋላ ትምህርት አልነበረንም፤ ኬኔዲ ላይብረሪ ገብተን ከምናንቀላፋ እናታችንን ብንረዳ ይሻላል አልን። እናታችን እንላታለን እንጂ የወለደችው ከሦስታችን አንዱን ብቻ ነው። በአንድ ሱቅ በረንዳ ጥግ፣ በባለሱቁ መልካም ፈቃድ፣ ካልሲና ሻርፕ ትሸጣለች። ሀብቷ ሁለት ካርቶን፣ አንድ የሚዘረጋ ኬሻ፣ አንድ ሰማያዊ ሸራ ነው።

ዱባይ ተራን የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አንሰጋም። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ ሥር ነቅሎ ወደ ምዕራብ ካሻገረው ወዲህ መርካቶ ለሁሉም ዕቃ ተራ አበጅቷል፤ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ሳጥን ተራ እየተባለ። የኛው ተራ ግን ስሙን ያገኘው ዕቃው ከሚመጣበት አገር ነው። ዛሬ ካርቶኑን ገልብጠህ ብታነበው የቻይና ከተማ ስም ታገኝበታለህ፤ ስሙ ግን ዱባይ እንደሆነ ቀረ። ዱባይ ዝናብ የማያውቅ በረሃ ነው የምንለውም ነገር ቢሆን እንዳፋችን አልሆነም፤ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. በዚያ አገር መዝገብ ከተጀመረ በ75 ዓመት ውስጥ ያልታየ ዝናብ ወርዶ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሳይቀር ውሃ ላይ ቆሞ ነበር። የኛ ነጋዴዎች ያንን በስልክ እያዩ «ዕቃችንን!» ሲሉ ጎረቤታቸው ቱቦ ሞልቶ ወደ ሱቃቸው እንደሚገባ ዘንግተውት ነበር ይባላል። ተረብ ይሁን እውነት እንጃ።

ሰኞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ሙቀቱ ሙቀት አይደለም፤ ግንባር ይቆላል። ከሰዓት ነፋስ ተነሥቶ አቧራና ፌስታል አንድ ላይ አነሣ። በዱባይ ተራ ነፋስ ሲነሣ ሰው ቀና ብሎ የሚያየው ደመና ሳይሆን ሽቦ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት ገና ከሰው ዓይን አልጠፋም። ባለሱቁ ጋሼ በየሰዓቱ እየወጣ ያሸታል። «ምን ይሸታል?» ስንለው «ምንም፤ ምንም አለመሽተቱን ነው የማሸተው» አለን። ያን ቀን እናታችን ሻርፕ ሸጠች፤ ሴቱ ሁሉ አቧራውን መሸፈኛ ፈልጎ ነበር።

ማክሰኞ ከእንጦጦ በኩል ደመና ተከመረ፤ ጠቆረ፤ አጉረመረመና ተበተነ። ጠብ ያላለ ደመና ግን ገበያተኛውን አስሮጦ ወደ ታክሲ ሰደደው። ስለ ማክሰኞ ሌላ የሚነገር ነገር የለም።

ረቡዕ ነው ነገር የተበላሸው። እስከ ስምንት ሰዓት ፀሐይ ነበር። ስምንት ተኩል ላይ ነፋሱ ድንገት ቀዘቀዘ፤ ወዲያው ቆርቆሮው ጮኸ። በረዶ! ሽንብራ የሚያህል፣ አንዳንዱም ከዚያ የሚበልጥ። ከመካከላችን ጂኦግራፊ የሚያጠናው በረንዳው ጥግ ተጣብቆ ማስረዳት ጀመረ፦ ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታግላለች፤ የሞቀው አየር ርጥበቱን ይዞ በፍጥነት ወደ ላይ ይወጣል፤ ላይ ሲደርስ ይበርዳል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች በረዶው ሲወርድ ለመቅለጥ የሚበቃ መንገድ አያገኝም። እናታችን «ልጄ፣ መጀመሪያ ያንን ካርቶን አንሣ» አለችው። ማንሣቱ አልጠቀመም። ቦዩን ላስቲክና የካርቶን ቁራጭ ዘግቶት ኖሮ ውሃው በአስፋልቱ ላይ ተኛና በረንዳውን ከሥር መጣበት። ሸራው የሚከላከለው ከላይ ለሚመጣው ነው። ሁለተኛው ካርቶን፣ አምስት ደርዘን ካልሲ እንዳለ፣ እንጀራ ወጥ እንደሚጠጣ ጠጣ።

አምስት ደርዘን ለአንዳንዱ ምንም ነው። እዚህ ላይ ስለ እቁቡ መናገር አለብን። እናታችን የሳምንት እቁብ አላት፤ እሑድ እሑድ 1,000 ብር። ዕጣው ሲደርሳት የቤቷን ጣራ ልታስቀይር ነው፤ ቆርቆሮው ከዝገቱ የተነሣ ባለፈው ክረምት በሦስት ድስትና በአንድ ባልዲ ነበር ያሳለፉት። ሰኔ ሳይገባ ካልደረሳት ዘንድሮም ያው ድስት ነው። እቁብ ደግሞ አይዘለልም። የዘለለ ሰው ገንዘቡ ብቻ አይደለም የሚጎድልበት፤ ዳኛው ስሙን ሲጠራ ዝም ይባላል፤ የዝምታው ነገር ከዕዳው ይከፋል።

ሐሙስ መጋቢት መሆኑ ቀርቶ ነሐሴ ሆነ። ከጠዋት እስከ ማታ ካፊያ፣ ብርድ፣ ጭቃ። ገዢ የሚባል ዝር አላለም። ሁለቱ ጾሞች ገጥመው ስለነበር ሻይ ቤቱም ጭር ብሏል፤ የሚሞቀው ሰው አንዱ በአንዱ ትንፋሽ ነው። ከኛ ጋር በረንዳው ሥር ተጠልሎ የዋለ አንድ ተሸካሚ ወጣት ነበር፤ የወሎ ልጅ፣ የደላንታ። ኬሻውን ራሱ ላይ ደፍቶ ፈገግ ይላል። ሥራ በሌለበት፣ ባዶ ሆድ፣ በብርድ ምን ያስቀዋል? በኋላ ገባን። ደላንታ በበልግ የሚያርስ አገር ነው፤ ገብሱም ምስሩም ይህን ዝናብ ይጠብቃል፤ በልግ ከቀረ እስከ መኸር ያለው ጊዜ ረጅም ነው። ሰማዩ አንድ መስሎት በየሰዓቱ አባቱ ጋ ይደውላል። «አባ፣ ዘነበ ወይ?» ያዳምጣል። ስልኩን ኪሱ ይከታል። «እዚያ ፀሐይ ነው አሉ።» ፈገግታውም እየቀነሰ ሄደ።

ይህ ነገር ሦስታችንንም አወዛገበን። በደረስንበት ሁሉ የምንማረው ዝናብ በረከት ነው፤ ድርቅ መቅሠፍት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ከሽፎ ከብቱ ሲረግፍ ሰምተናል። ታዲያ እናታችን ካልሲዋን እየጨመቀች «ምናለ አንተ ሰማይ ብትዘጋ!» ስትል ምን እንበላት? ተሸካሚው ልጅ ሰምቷት «እትዬ፣ እንዲያ አይበሉ፤ ወደዚያ ይሂድ ይበሉ» አላት። «እሺ ልጄ፣ ወደዚያ ይሂድ» አለች፤ ከልቧም ነበር። አሥራ ሁለት ተኩል ሲሆን ከአንዋር አዛኑ ተሰማ፤ ለርሱ ደብቃ ያቆየችለትን ሳምቡሳ ሰጠችው።

ዐርብ እንደገና ፀሐይ። አስፋልቱ እንደ ጀበና ጨሰ። ካልሲውን ገመድ ላይ ሰቅለን አደረቅነው፤ ቀለሙ ግን እርስ በርሱ ተቀባብቷልና ዋጋውን ግማሽ አደረገችው። ማታ ስትቆጥር ለእቁቡ 600 ብር ያህል ነበራት። ያኔ ነው ጉድ የሠራችው። ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ አንድም ጉም ሳይኖር፣ ከጅምላ ሻጩ ዘንድ ሄዳ 12 ጃንጥላ በዱቤ አወጣች። ጎረቤቶቿ ሳቁባት። ልጇ ተቆጣ፤ «እማዬ፣ ይኸ ቁማር ነው!» አላት። እኛ ሁለታችን እንግዳ ስለሆንን ዝም አልን፤ በልባችን ግን ከሱ ጋር ነበርን። እርሷ ስልክ ላይ ያለውን ትንበያ አላየች፤ «ጉልበቴ ይነግረኛል» ነው ያለችው። ከሐሙስ ጀምሮ ጉልበቷ አልተዋትም ነበር።

ቅዳሜ መጋቢት 5፣ አቦ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳመችና ወደ በረንዳዋ መጣች። «በአቦ ይሠራል እንዴ?» ያላትን ጎረቤት «እሳቸውም ያውቁታል» ብላ መለሰችለት። አራት ሰዓት ሆነ፤ ፀሐይ። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ፀሐይ። ስምንት ሰዓት ላይ አንዱ ጓደኛችን ጃንጥላ ዘርግቶ ለጥላ ተቀመጠበት፤ «ዝጋው፣ ያረጃል» ተባለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከራጉኤል በላይ አንድ ደመና ታየች፤ መሐረብ የምታህል። ዱባይ ተራ ሙሉ ሸማች በሞላበት ሰዓት ነው። ዘጠኝ ከሃያ ላይ ወረደ። በረዶ የለበትም፣ ነፋስ የለበትም፣ ደረቅ ያለ ወፍራም ዝናብ፣ ለሩብ ሰዓት። እኛ ሦስታችን «ጃንጥላ! ጃንጥላ!» እያልን በጭቃው ውስጥ ስንሮጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሆናችንን ያስታወሰ የለም፤ እኛም ጭምር። ሰባት ተሸጠ። ስምንተኛው ገዢ ዋጋ ሲከራከር ፀሐይ ወጣችና ገንዘቡን ኪሱ መልሶ ሄደ።

የጅምላ ሻጩ የሰባቱን ዋጋ ተቀብሎ አምስቱን በሷ ላይ ተወው። የተረፈው ትርፍ ከዐርቡ ጋር ሲደመር ከ1,000 ብር ጥቂት አለፈ። እሑድ ስሟ ሲጠራ «አቤት» ብላ ከፈለች። ዕጣው ግን ለሌላ ወጣ፤ ለአንድ ጫማ ሻጭ፣ ሊያገባ ነው አሉ። «ይቅናው» አለች።

ማታ ስንሸኛት ተሸካሚው ልጅ መንገድ ላይ አገኘን። ደላንታ ቅዳሜ ማታ አካፍቶ አድሯል፤ መሬቱ ግን ገና ለሞፈር አልራሰም፤ አንድ ሁለት ቀን ቢደግም ይበቃል ብለውታል። እናታችን ሰማዩን አየች። ከዋክብት ሞልተውበታል። «አምስት ጃንጥላ አለኝ» አለችው፤ «እኔም እንዲደግም ነው የምፈልገው።»